ከርከሮን የማይገድለው ቫይረስ

የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1921 በኬንያ ነው። ሰፋሪዎች ያረቧቸው አሳማዎች በቀናት ውስጥ ሲያልቁ፣ በዚያው ምድር የሚኖረው ከርከሮ ግን ቫይረሱን ተሸክሞም በጤና ይኖራል።

ለምን? ከርከሮው፣ ቫይረሱና በከርከሮ ጉድጓድ የምትኖረው መዥገር ለረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። የቤት አሳማ ግን ከእስያና ከአውሮፓ የዱር አሳማ የተላመደ፣ ለዚህ ቫይረስ እንግዳ የሆነ እንስሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የአሳማ ጂኖም ጥናት በፍጥነት ከተለወጡት ጂኖች መካከል በሽታ የመከላከል ጂኖች እንደሚገኙበት አሳይቷል። ቫይረስን የሚዋጋውን ኢንተርፌሮን የሚያመርቱ ጂኖችም በአሳማ ዘንድ ከሰው ይበዛሉ። ይህ ሁሉ ግን ከዚህ ትኩሳት አላዳነውም።

የልዩነቱን ምንጭ ሲፈልጉ የተመራማሪዎች ዓይን ሬላ በተባለው ጂን ላይ አረፈ። ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሰውነት ሲጠቃ የመከላከያ ጂኖችን ያስነሳል፤ የከርከሮውና የአሳማው ዓይነት የሚለያዩት በሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው። በስኮትላንድ የሮዝሊን ተቋም ሳይንቲስቶች የአሳማውን ጂን እንደ ከርከሮው አድርገው አረሙት። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ሙከራ ግን ጂናቸው የታረመው አሳማዎችም ታመሙ። አንድ ጂን ብቻውን አልበቃም፤ ይህም ራሱ ትልቅ ግኝት ነው።

በሽታው በኢትዮጵያም በአሳማዎች ላይ ተገኝቷል። አሳማ የምታረቡ ሁሉ፣ ከርከሮ እንዳይቀርባቸው አጥራችሁን አጥብቁ፤ ያልተቀቀለ የምግብ ትርፍራፊም አትስጧቸው።