ክረምት ሲወጣ በሰሜን ተራሮች

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የእግር ጉዞ ወቅት የሚከፈተው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ጉሙ ይገፈፋል፤ ጓሳው ገና ለምለም ነው፣ የጅንባር ፏፏቴም ሙሉ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ነበር፤ በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን የዋልያ ቁጥር ክፉኛ በማሽቆልቆሉ ጉዞውና የእንስሳቱ ደኅንነት ተነጣጥለው የማይታዩ ሆነዋል።

ጉዞው የሚጀመረው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ደባርቅ ነው። ጎብኚው በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይመደብለታል። የተለመደው መስመር በሳንካበርና በጊች አልፎ ጨነቅ ይደርሳል፤ ብርቱ ተጓዥ ብዋሂትን ተሻግሮ እስከ ራስ ዳሽን ይዘልቃል። መንገዱ በመስከረም ያዳልጣል፣ ሌሊቱም ይበርዳል።

በመንገድ ላይ በብዛት የሚታየው ጭላዳ ነው። መንጋው ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ሰው ቀርቦ ቢያልፍም እምብዛም አይሸሽም። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ግን ተቆጥቷልና ወደ ኋላ ማለት ይገባል። ምግብ መወርወርም ከሰው እጅ መጠበቅን ያስለምደዋል። ቀይ ቀበሮ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ የሚያየው ዕድለኛ ነው።

ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም አይገኝም። የመራቢያ ወቅቱ ከበልግ ወራት ጋር ስለሚገጥም ብዙዎቹ ግልገሎች የሚወለዱት ክረምቱ ሲወጣ፣ ልክ ጎብኚው በሚበዛበት ጊዜ ነው። እናቲቱ ከደነገጠች ግልገሏን አስከትላ ወደ ገደሉ ትወርዳለች። ስለዚህ በጨነቅ አካባቢ ዋልያ ሲታይ ባሉበት ቆሞ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር መመልከት እንጂ ለፎቶ ብሎ መከተል አይገባም።

የዋልያ ጥበቃ እስካሁን የሚያከራክረው በጊች ጉዳይ ነው። የመንደሩ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ በግጦሹ ላይ የነበረው ጫና ቀለለ፤ እርሻና ከብት የለመደው ገበሬ ግን በከተማ ኑሮ ተቸገረ። ጥበቃ የአካባቢውን ሰው ካስራበ አይዘልቅም። በቅሎ የሚያከራየው፣ ስንቅ የሚያበስለውና መንገድ የሚመራው የደባርቅ ሰው ከጉዞው ሲጠቀም ዋልያን የሚጠብቅበት የራሱ ምክንያት ይኖረዋል።