ያልታየው ጅብ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አንኮበር ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ጉም ነው። ጉሙ ከቆላው ገደሉን ተከትሎ ይወጣና የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ይውጠዋል። ሲገፈፍ የአፋር ሜዳ ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል፤ ሲመለስ ግን ከፊት የቆመው ሰው ይሁን ቁጥቋጦ አይለይም። አስፈሪ ፊልም የሚሠራ ሰው በካሜራና በኤዲቲንግ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አንዱን ያሳያል፣ ሌላውን ይከለክላል። ጭራቁ የቱንም ያህል ቢያስጠላ፣ ልብ የሚንጠለጠለው እስኪታይ ድረስ ባለው ጊዜ ነው።

ድንጋጤና ሥጋት አንድ አይደሉም። አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንስዋ ትሩፎ ሲያስረዳ የአንድ ጠረጴዛ ምሳሌ አነሣ። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከሥር ቦምብ ተጠምዷል። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ሲጠመድ ካየ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል፤ “ተነሡ እንጂ!” ብሎ ሊጮህ ይቃጣዋል።

አሁን አንዲት ሴት ከገበያ አምሽታ በአንኮበር ቁልቁለት ወደ ቤቷ ስትወርድ እንቅረጽ። የመጀመሪያው ሾት ከሩቅ ይሁን፤ ሴትዮዋ ትንሽ ሆና ትታይ፣ የቀረውን ጉምና ባዶ ቦታ ይሙላው። ተመልካች ባዶ ቦታ ሲሰጠው ዝም ብሎ አያየውም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልግበታል። ቀጥሎ ክሎዝ አፕ። ፊቷ ስክሪኑን ሲሞላው አካባቢው ይጠፋል፤ ከኋላዋ ምን እንዳለ ማየት አንችልም። ሦስተኛው ሾት ከቁጥቋጦው ውስጥ ዝቅ ብሎ ይነሣ፤ ስትሄድ ይሂድ፣ ስትቆም ይቁም። ማንም አልታየም፤ የሚከተላት ዓይን እንዳለ ግን ታውቋል። ይባስ ብሎ ያ ዓይን የተመልካቹ የራሱ ዓይን ሆኗል። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 “ሃሎዊን”ን የከፈተው በዚህ ዘዴ ነው። ገዳዩን ሳናየው በእሱ ዓይን እያየን ቤት እንገባለን፣ ደረጃ እንወጣለን፤ በመጨረሻ ጭንብሉ ሲነሣ የ6 ዓመት ልጅ ሆኖ ይገኛል።

ኤዲተሩ በእነዚህ ሾቶች ላይ የሚጨምረው ጊዜን ነው። ተረት የምትነግር አያት ጅቡ በር ላይ ሲደርስ ዝም እንደምትል፣ ኤዲተርም መቆረጥ ያለበትን ሾት ሳይቆርጥ ያቆየዋል። ሾቱ ከሚገባው በላይ ሲቆይ ተመልካቹ “ለምን ቆየ?” ይላል፤ መልሱንም ራሱ በሥጋት ይሞላዋል።

የዚህ ጥበብ ትልቁ ምሳሌ በ1942 የወጣው የዣክ ቱርነር “ካት ፒፕል” ነው። ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አውሬ እሆናለሁ ብላ የምትፈራ ሴት ታሪክ ነው። አንድ ምሽት ይህች ሴት ሌላ ሴት በመናፈሻ ዳር ትከተላለች። ኤዲተሩ ማርክ ሮብሰን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያፈራረቀ ይቆርጣል፤ የሁለቱም ኮቴ ይሰማል። ከዚያ የተከታይዋ ኮቴ ይጠፋል። የፊተኛዋ ትፈጥናለች፣ ትዞራለች፣ መንገዱ ባዶ ነው። ድንገት እንደ አውሬ ማጓራት ያለ ድምፅ ስክሪኑን ሰንጥቆ ይገባል፤ ፍሬን የያዘ አውቶቡስ ነው! ምንም አልተነካችም፣ አውሬም አልታየም። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይህን ዘዴ “ባስ” እያሉ ይጠሩታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ርካሽነቱ ነው፤ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ዝምታና አንድ አውቶቡስ።

ስፒልበርግም “ጆውስ”ን (1975) ሲሠራ በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ቢያስቸግረው፣ ዓሣውን ደብቆ በውኃው ልክ በሚንሳፈፍ ካሜራና በጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ተካው። ኤዲተሯ ቨርና ፊልድስ በዚህ ሥራዋ ኦስካር ተሸልማለች።

ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ በከተማዋ የተከፈተውን ቀደምት ሲኒማ ቤት ሕዝቡ “የሰይጣን ቤት” ብሎት ነበር። ሥጋና ደም የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ማየት በራሱ ያስፈራ ነበር። ዛሬ የአማርኛ ፊልም በፍቅርና በኮሜዲ ተሞልቷል፤ አስፈሪ ፊልም ብርቅ ነው። ችሎታው ግን አለ። የኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” (2008) አስፈሪ ፊልም ባይባልም፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ሌሊት ሲባንን የመንደሩ ኑሮና የደርግ ዘመን ሽብር ያለ ማስጠንቀቂያ ይጋጠማሉ፤ ቀጣዩ ሾት የት እንደሚጥለን አናውቅም።

አንኮበር ላይ አስፈሪ ፊልም ልሥራ ለሚል ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ታሪክ ጅብ ይሆናል የሚባለው ቡዳ መሆኑ አይቀርም። እዚህ ላይ ኤዲቲንግ አደገኛ ነው። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከ100 ዓመት በፊት ምንም ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር አጋጥሞ አሳየ፤ ያው ፊት ለተመልካቹ አንዴ የተራበ፣ አንዴ ያዘነ፣ አንዴ የተመኘ መሰለው። እኛም ከፈራች ሴት ፊት ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ፊት ብንቆርጥ፣ ሸክላ ሠሪዋ ምንም ሳታደርግ ተመልካቹ ይፈርድባታል። በሰሜን ሸዋ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በዚሁ በቡዳ ስም ሲገለሉ ኖረዋል፤ ያን ፍርድ ስክሪን ላይ መድገም ግፍ ነው።

ስለዚህ ያን ቆረጣ እንተወው። ማሰሮዋን ተሸክማ በቁልቁለቱ የምትወርደው ሸክላ ሠሪዋ ትሁን፤ ከቁጥቋጦው የሚከተላት ዓይን ደግሞ ስሟን ያጠፉት የጎረቤቶቿ ዓይን። የሩቁም፣ የቅርቡም፣ የሚከተለውም ሾት እንዳሉ ይቆያሉ፤ ተመልካቹ ግን የሚሰጋው ለእሷ ይሆናል።