ማንነትን የሚሰውር ሶፍትዌር በተቋም መስመር አልሠራ ሲል ምክንያቱ እንዴት ይለያል?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ በምትገኘው መካነ ሰላም ከተማ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ይገኛል። እንዲህ ባሉ ተቋማት በርካታ ተማሪዎችና መምህራን አንድ የኢንተርኔት መስመር በጋራ ይጠቀማሉ። በመሆኑም ማንነትን ሰውሮ ኢንተርኔት ለመጠቀም የሚያስችለው ቶር የተሰኘ ሶፍትዌር አልሠራ ቢል፣ ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ችግር፣ የግቢው ፋየርዎል ወይም የአገልግሎት ሰጪው እገዳ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ መፍረድ የግቢውን ባለሙያ ባላደረገው ያስወቅሳል፤ እውነተኛ እገዳ ሲኖርም እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ቶር የተጠቃሚውን መልእክት በሦስት አስተላላፊ ኮምፒውተሮች በኩል ስለሚያሳልፍ መነሻውንና መድረሻውን አንድ ላይ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ አስተላላፊዎች አድራሻ ለሕዝብ ይፋ በመሆኑ በቀላሉ ሊዘጋ ይችላል። በዚህ የተነሳ በይፋ ያልተዘረዘሩ፣ «ድልድይ» የሚባሉ መግቢያዎች ተዘጋጅተዋል።

በኢትዮጵያ በግንቦት 2004 ዓ.ም. ያጋጠመው ግን ከአድራሻ መዝጋት የረቀቀ ነበር። የቶር ፕሮጀክት በወቅቱ ይፋ እንዳደረገው፣ በአገሪቱ ብቸኛው አገልግሎት ሰጪ መስመር ላይ የመረጃ እሽጎችን ይዘት የሚፈትሽ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። መርማሪዎቹ የደረሱበት ተራ በሆነ ንጽጽር ነው፤ ሌሎች የተመሰጠሩ ግንኙነቶች ሲያልፉ፣ የቶር አስተላላፊ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ግን መንገድ ላይ ይቀር ነበር። የምላሹ ቅርጽ በሌላ ሽፋን ሲቀየር ግንኙነቱ ቀጠለ። ማጣሪያው የሚለየው አድራሻን ሳይሆን የሶፍትዌሩን «አሻራ» መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በተቋም ውስጥ የሚካሄድ ምርመራም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በቅድሚያ የኮምፒውተሩ ቀን ይታያል። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ኮምፒውተር ያለ አንዳች እገዳ ከቶር ጋር መገናኘት ያቅተዋል፤ ይህ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ቀጥሎ ያው ኮምፒውተር በግቢው ዋይፋይና በሞባይል ዳታ በየተራ ይሞከራል። በሞባይል ሠርቶ በግቢው እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ግቢው ፋየርዎል ያመዝናል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ገበያ መግባቱም፣ አገልግሎቱ በሚደርስበት ሥፍራ፣ በ2004 ዓ.ም. ያልነበረ ማነጻጸሪያ ሆኗል።

የሶፍትዌሩ መዝገብም ይናገራል። ሂደቱ በ5 በመቶ ላይ ከቆመ ከመጀመሪያው አስተላላፊ ጋር ጭራሽ አልተገናኘም፤ ይህም የአድራሻ መዘጋትን ይጠቁማል። ከ10 በመቶ አልፎ በ14 ላይ ከተገታ፣ በሩ ተከፍቶ ሰላምታው ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ያልተዘረዘረ ድልድይም ካልሠራ፣ ቅርጹን የሚለውጥ ድልድይ ግን ከሠራ፣ የአሻራ ፍተሻ መኖሩ እጅግ ያመዝናል።

እገዳና የመስመር መቋረጥ ሊምታቱ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የጠፋው አገልግሎቱ ራሱ ስለነበር፣ ቶርን ለይቶ መመርመር ትርጉም አልነበረውም።

ምርመራውን የሚያካሂድ ሰው አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባ ጉዳይም አለ። ቶር መልእክቱን ቢሰውርም፣ ያለ ሽፋን ሲሞከር ሙከራው መደረጉን ከመስመሩ ተቆጣጣሪ አይሰውርም። በተቋም መስመር ላይ ደግሞ ሙከራው በየትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት እንደተደረገ ሊመዘገብ ይችላል።