ያውቁ ኖሯል? ሃርድ ዲስክ አንዳንዴ ከመሞቱ አስቀድሞ ይናዘዛል
በወልድያና በቆቦ መካከል ባለችው በጎብዬ ማሽላ ሲወቃ ከሚነሣው ብናኝ አንዲቱ ቅንጣት እንኳ በዲስክ ገጽና በአንባቢው ራስ መካከል ካለው ክፍተት እጅግ ትበልጣለች፤ ብትገባበት ገጹን ልትጎዳው ትችላለች። ቁም ጸሐፊ የብራናውን ቀዳዳ እየዞረ እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ዲስክም የታመመውን የገጹን ክፍል (ሴክተር) ትቶ ወደ መጠባበቂያው ይሻገርና ኃጢአቱን “ስማርት” በተባለው መዝገብ በ5ኛው ተራ ያሰፍራል፤ የ199ኛው ተራ ቁጥር ብቻውን ቢያድግ ግን በደለኛው ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ነውና ዲስኩን ለመንቀል አይቸኩሉ። ከ100,000 በላይ ዲስኮችን የመረመሩት የጉግል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ ገለጹት፣ በፍተሻ ስሕተት የተገኘበት ዲስክ በ60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ከሌለበት 39 እጥፍ ይልቃል፤ ከሞቱት ከ56 በመቶ በላይ የሆኑት ግን ባለሙያዎቹ ዐበይት ካሏቸው አራት የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም።