«ከልጅነቱ ቢኖር ኖሮ ይታወቅ ነበር»

በቡኢም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ቁርጠት ሲበረታ ምክንያት አይታጣለትም፤ የትናንቱ ጥሬ ሥጋ፣ ምች፣ ከባድ ጆንያ ማንሳት። አርባ ዓመት የሞላውን ሰው ሐኪሙ «ይህ አብሮህ የተወለደ ነው» ቢለው ግን ቤተሰቡ ማመን ይቸግረዋል። ከልጅነቱ ቢኖር ያኔ አይታወቅም ነበር?

ላይታወቅ ይችላል። የፅንስ አንጀት ለጥቂት ሳምንታት ከሆድ ወጥቶ እትብት ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ በጠቅላላው 270 ዲግሪ ዞሮ ይመለስና ቦታውን ይይዛል። ዙሩ ሳይሞላ ከቀረ ትንሹ አንጀት በቀኝ፣ ትልቁ በግራ ይከማቻል፤ አንጀቱን ከጀርባ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ስለሚጠብም አንጀቱ በቀላሉ ይጠማዘዛል። ይህ ችግር ከ500 ሕፃናት በአንዱ ገደማ እንደሚኖር ይገመታል። ብዙዎቹ ገና በጨቅላነታቸው አረንጓዴ ያስመልሳቸዋል። አንዳንዱ ግን ልጆቹን እስኪድር ምንም አይሰማው፤ ሌላው ከምግብ በኋላ መጥቶ የሚሄድ ቁርጠቱን «ጨጓራ ነው» እየተባለ ዓመታት ይገፋል።

ችግሩ እናትየው በእርግዝናዋ አምሮቷን ስላጣች ወይም ሸክም ስላነሳች የመጣ አይደለም። ይህን ወቀሳ ማንም እናት ላይ አይጫን።

«ትርፍ አንጀት በቀኝ ነው» የሚለውም አንጀታቸው ዙሩን ላልጨረሰ ሰዎች አይሠራም፤ የእነሱ በግራ ሊያማቸው ይችላል።

በሀገራችን አዋቂዎች ላይ አንጀት ከሚዘጋባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መጠማዘዝ ነው። አብዛኛው ከውልደት ጋር አይያያዝም፤ ጥንቃቄው ግን አንድ ነው። ሆድ ተነፍቶ፣ ፈስም ሰገራም ቀርቶ፣ ትውከት ከተከተለ ወጌሻ አያሸው፤ ጉሎ ዘይትም ኮሶም አይጠጣ። ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ከቡኢ መኪና ይዞ ቡታጅራ ሆስፒታል መድረስ ይሻላል፤ ሌሊትም ቢሆን።

አብሮ ለተወለደው ችግር ቀዶ ሕክምና ሲደረግ «ሐኪሙ አንጀቱን ወደ ቦታው መለሰው» ሲባልም እሰማለሁ። አይመልሰውም። አሜሪካዊው ዊልያም ላድ በ1936 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና ጥምዝምዙ ይፈታል፣ አንጀቱን አንቀው የያዙ ጅማት መሰል ክሮች ይቆረጣሉ፣ ትንሹ አንጀት በቀኝ፣ ትልቁ በግራ እንዳሉ ይተዋሉ። ትርፍ አንጀትም ነገ ሐኪም እንዳያሳስት አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ታካሚው ይህን የሚገልጸውን ወረቀት ከመታወቂያው ጋር ያኑረው።