ለብሉዝ ሃርሞኒካ ትንሽ አምፕ ስትመርጡ

ባለፈው እሑድ ማታ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለችው ክፍሌ ቀድቼ የለቀቅኳትን አጭር ትዝታ የሰማችሁ ብዙዎች በውስጥ መስመር "ያ ወፍራም ድምፅ ከየት መጣ? በኮምፒውተር ነው?" ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። በኮምፒውተር አይደለም። ባለ አሥር ቀዳዳ ሃርሞኒካ፣ በመዳፍ የሚታፈን ማይክና ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ አምፕ ናቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። በተለይ አምፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መልሱን ላስቀድም። ለብሉዝ ሃርሞኒካ የሚሆነው አምፕ ትንሽ ነው፤ 5 ዋት አካባቢ፣ ባለ ቫልቭ (የድሮ ራዲዮ ውስጥ ያለው ዓይነት)፣ ስፒከሩ 8 ወይም 10 ኢንች፣ በ220 ቮልት የሚሠራ። ትልቅ አትግዙ።

እኔ የጀመርኩት እንደ አብዛኛው ሰው በሞንታርቦ ነው። የጓደኛዬ ምርቃት ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የዘፋኙን ማይክ ተቀብዬ ነፋሁ። ቤት ውስጥ ሆድ የሚያባባው ዜማ ቀጥኖና ሾሎ ጆሮ የሚወጋ ነገር ሆኖ ወጣ። ጥፋቱ የሞንታርቦው አልነበረም። ሞንታርቦ የተሠራው የገባውን ድምፅ እንዳለ አጉልቶ እንዲያወጣ ነው፤ ለዘፋኝና ለሰባኪ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የብሉዝ ሃርሞኒካ ድምፅ ግን የሃርሞኒካው ብቻ አይደለም። ማሲንቆን አስቡት። የፈረስ ጭራው ብቻውን ምን ድምፅ አለው? ድምፅ የሚሰጠው ቆዳ የተወጠረበት ገላው ነው። ለብሉዝ ሃርሞኒካም ገላው አምፑ ነው። አምፕ ስትመርጡ የመሣሪያውን ግማሽ እየመረጣችሁ ነው።

ይህ ድምፅ የተወለደው በችግር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቺካጎ መጠጥ ቤቶች ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሲሆን ሃርሞኒካው ተዋጠ። ከማዲ ዋተርስ ጋር ይጫወት የነበረው ሊትል ዋልተር ርካሽ ማይክ ከሃርሞኒካው ጋር በመዳፉ አፍኖ፣ ትንሽ አምፕ ውስጥ ሰክቶ፣ አምፑን ከአቅሙ በላይ ገፋው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1952 የቀዳው "ጁክ" የተባለው ሥራው በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ላይ 8 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ዘፈን የሌለው፣ ሃርሞኒካ የሚመራው ሙዚቃ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ የብሉዝ ሃርሞኒካ ተጫዋች ሁሉ የእሱን መንገድ ያውቀዋል።

የካዛንቺስን አዝማሪ ቤቶች ያየ ሰው ይህ ታሪክ አይጠፋውም። ጠባብ ክፍል፣ ጭብጨባ፣ ብርጭቆ፣ እስክስታ፤ በዚያ መሃል አንድ ክር ያላት ማሲንቆ መሰማት አለባት። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አዝማሪ ቤቱ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ፤ ለእኔ ትልቅ ሐዘን ነበር። እዚያ ካየኋቸው ምሽቶች የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ክፍሉ ትንሽ ሲሆን የሚያስፈልገው ቀለም ያለው ድምፅ እንጂ የሚጮህ ድምፅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋት እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ50 ዋት አምፕ ከ5 ዋቱ አሥር እጥፍ አይጮህም። ጆሯችን ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲጨምር የሚሰማው እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለትልቅ አምፕ ብዙ ገንዘብ ከፍላችሁ የምታገኙት የድምፅ ጭማሪ ያሰባችሁትን ያህል አይሆንም። የምታጡት ነገር ግን ዋናውን ነው። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ በአንዴ አይሰበርም፤ ቀስ እያለ ይጨመቃል፣ ይሻክራል፣ ይወፍራል። ቀስ ብላችሁ ስትነፉ ንጹሕ ነው፤ ጠንከር ስትሉ ይጮሃል፣ ያለቅሳል። 5 ዋቷ እዚህ ደረጃ የምትደርሰው ጎረቤት በሚታገሠው ድምፅ ነው። 50 ዋቱ እስኪደርስ ሰፈሩ ይነሣል። የእኔ ክፍል ከአከራዬ ሳሎን የሚለየው በኮምፔርሳቶ ነው። እማማ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ካንኳኩ "ልጄ፣ ዛሬስ በዛ" ማለታቸው ነው፤ እኔም "እሺ እማማ፣ ይቅርታ" ብዬ እቀንሳለሁ። በአምስት ዋት ያንኳኩት ስንት ቀን እንደሆነ በጣቴ እቆጥረዋለሁ።

የዚህ ዓይነት አምፕ አባት የፌንደር ቻምፕ ነው። ውስጡ ቀላል ነው፤ አንድ 12ኤኤክስ7 ቫልቭ ከማይክ የመጣውን ያጎለብታል፣ አንድ 6ቪ6 ስፒከሩን ይገፋል፣ ሦስተኛው ኤሌክትሪኩን ያስተካክላል። የድሮው ስፒከሩ 8 ኢንች ነው። ዋናውን ቻምፕ ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ በዚሁ አሠራር የሚሠሩ የሌሎች ፋብሪካዎች ትንንሽ አምፖች በሽ ናቸው። ጀርባውን አይታችሁ አንድ የኃይል ቫልቭ ብቻ ካለው ዘሩ ያው ነው።

ፉጨት! ትንሽ አምፕ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያማርረው በዚህ ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይገባል፤ በመጨረሻ "ዊ…" ብሎ ይጮሃል። የጊታር አምፕ የተሠራው ለጊታር ስለሆነ የማጎልበት ኃይሉ ለማይክ ይበዛል። እኔን ያዳነኝ መፍትሔ 12ኤኤክስ7ን አውጥቶ 12ኤዋይ7 መትከል ነው። እግራቸው አንድ ነው፣ በቦታው ይገባል፤ የመጀመሪያው የማጎልበት መጠኑ 100 ሲሆን የሁለተኛው 45 አካባቢ ነው። ፉጨቱ ራቀ፣ ድምፁም ጨለም ብሎ ወፈረ። ቫልቩን ከውጭ ማስመጣት ያስፈልግ ይሆናል፤ ከመንገደኛ ኪስ የሚገባ ነገር ስለሆነ ዘመድ ሲመጣ አስልኩ። እሱ እስኪገኝ ደግሞ የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ (ትሬብል) ዝቅ፣ የወፍራሙን (ቤዝ) ከፍ አድርጉ፤ ከአምፑ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቁሙ።

ማይኩን በተመለከተ፣ ጥይት የሚመስሉት የሹር 520 እና የአስታቲክ ጄቲ30 ዝነኞች ናቸው። ስታገኙ እሰየው። ካጣችሁ ግን የዘፋኝ ማይክም ይሠራል፤ ብቻ ባለ ሦስት ፒኑን ኬብል ዝም ብላችሁ ወደ ጊታር ጃክ አትለውጡት። የዘፋኝ ማይክ ኢምፒዳንሱ ዝቅተኛ ነው፣ የአምፑ መግቢያ ደግሞ ከፍተኛውን ይፈልጋል። በመሃል ትንሽ ማመጣጠኛ ትራንስፎርመር ካልገባ ድምፁ የደከመ ይሆናል። ይህችን ትንሽ ዕቃ ሳያውቁ "አምፑ ሞተ" ብለው የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ የኤሌክትሪኩን ነገር ነው። የመጀመሪያዋን አምፔን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አዳፕተር አድርጌ ሶኬት ላይ ሰካኋት፣ ማብሪያውን ጫንኩ፣ አምፑ "ህም" አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከጀርባው ቀጭን ጭስ ወጣ። መርካቶ ለአንድ አረጋዊ ራዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩላቸው። ገልብጠው አዩትና "ልጄ፣ እዚህ የተጻፈውን አላነበብክም?" አሉኝ። 120 ቮልት ይላል። "አዳፕተር አድርጌ ነበር እኮ ጋሼ" አልኳቸው። "አዳፕተር የሶኬቱን እግር እንጂ መብራቱን አይለውጥም" አሉኝ። ትራንስፎርመሩን እንደገና አስጠምጥመው መለሱልኝ፤ አሁን ወንበር ላይ የምትቀመጠው ያቺው ናት።

ስለዚህ ከአሜሪካ ለሚያመጣላችሁ ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ 220 ወይም 230 ቮልት የተጻፈበትን ይግዛ። 120ውን ካመጣ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ እውነተኛ፣ ከባድ፣ የመዳብ ጥምጥም ያለበት ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። ባለ 5 ዋት ቫልቭ አምፕ ከግድግዳ የሚወስደው ከ50 ዋት ብዙም አይበልጥም፤ ባለ 100 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃዋል፣ 200 ካገኛችሁ ሳይግል ያድራል። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠውን ቀላል መቀየሪያ አትጠቀሙ። ሌላም አደራ አለ። ቫልቭ አምፕ ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ። ቫልቭ ከውጭ መቀየር ትችላላችሁ፤ ሣጥኑን መክፈት ግን ለባለሙያ ተዉት። ሰው ይገድላል።

መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ፣ ወይም ዘመድ ውጭ የሌላችሁ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ አምፕ አይናቅ። የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ በ6 ትንንሽ ድንጋይ ይሠራል፣ ስፒከሩ 5 ኢንች ነው። ቫልቭ የለውም፤ ድምፁን የሚያስመስለው በኤሌክትሮኒክስ ነው። ለልምምድና ለሻይ ቤት በረንዳ ይበቃል። እኔ ራሴ መብራት ሲጠፋ የምጫወተው በእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሃርሞኒካና ማይክ ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሱቁ በጊታር አጫውቶ ቢያሳያችሁ ለእናንተ ምንም አይነግራችሁም። ድምፁን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ክፈቱና ፉጨቱ የሚጀምርበትን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጉና መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል ንፉ። ልዩነቱ ከተሰማችሁ፣ አምፑ እስትንፋሳችሁን ከተከተለ፣ ግዙት። በቀስታም በኃይልም አንድ ዓይነት ከሆነ ስሙ ምንም ቢሆን ተዉት።

እኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለን፤ የምንጫወተው ብሉዝ ብቻ አይደለም። ትዝታ ሜጀር በማንኛውም ባለ አሥር ቀዳዳ ሃርሞኒካ መሃል ላይ ተዘርግቶ ይገኛል፤ 4 ንፉ፣ 4 ሳቡ፣ 5 ንፉ፣ 6 ንፉ፣ 6 ሳቡ፣ 7 ንፉ። አምባሰል ከ5 ይጀምራል፤ 5 ንፉ፣ 5 ሳቡ፣ 6 ሳቡ፣ 7 ሳቡ፣ 7 ንፉ፣ 8 ንፉ። ባቲ ማይነር ከብሉዝ ጋር አጥንቱ አንድ ነው፤ 2 ሳቡ፣ 3 ስባችሁ አጉብጡ፣ 4 ንፉ፣ 4 ሳቡ፣ 5 ሳቡ፣ 6 ንፉ። ያቺ የ3 ጉብጠት፣ ምላስ ወደ ኋላ ሸሽቶ ድምፁን ግማሽ እርምጃ ዝቅ የሚያደርጋት፣ በደህና ትንሽ አምፕ ስትወጣ ማሲንቆ ላይ ጣት የተንሸራተተ ይመስላል። ቺካጎና ወሎ እዚያች ቀዳዳ ላይ ይገናኛሉ ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ትዝታ ማይነር ግን ያስቸግራል፤ 6 ሳቡ፣ 7 ሳቡ፣ 7 ንፉ፣ 8 ንፉ፣ 9 ሳቡ፣ 10 ሳቡ ነው፣ ሁሉም ላይኛው ቀጭኑ ክፍል ላይ። ለጊታር ተብሎ ብሩህ የተደረገ አምፕ እነዚህን ቀዳዳዎች ወደ መርፌ ይለውጣቸዋል። እኔ የማደርገው ዝቅተኛውን የጂ ሃርሞኒካ መያዝና ትሬብሉን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው። እሑድ የሰማችሁት ያንን ነው።

ይህ ሁሉ ለባህላችን እንግዳ ነው የሚል ካለ ሃይሉ መርጊያን ይስማ። የዋልያስ ባንዱ ሃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የቆዩ ዜማዎችን በአኮርዲዮን፣ ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር ቀድቷቸዋል። አኮርዲዮንና ሃርሞኒካ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የሚዘፍኑት አየር በሚያርገበግበው የብረት ምላስ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አያቶቻችሁ ቤት ሲከፈት እስኪሞቅ የሚያስጠብቅ ባለ ቫልቭ ራዲዮ ካለ ለቆራሌው አትስጡት። ብዙዎቹ ከጀርባቸው የሸክላ ማጫወቻ መሰኪያ አላቸው፤ ባለሙያ ፈትሾ ደኅንነቱን ካረጋገጠው በዚያ መሰኪያ በኩል የሃርሞኒካ አምፕ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ አትክፈቱት። የጀርባውን ፎቶ አንሱና በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ምን ዓይነት ቫልቭ እንዳለው አብረን እናያለን።