ዝናብ ዋንጫ የሚሰጥበት ውድድር

ሰበታ ክረምት ሲገባ ሁልጊዜ የማየው ነገር አለ። ወጨጫ ተራራ በደመና ሲሸፈን አሞራዎቹ ዛፍ ላይ እንደተኮፈሱ ይቆያሉ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ግን ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ምስጢሩ ቀላል ነው። ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቀዋል፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል።

ግላይደር የሚባለው ሞተር አልባ አውሮፕላንም የሚበረው እንደ አሞራ ነው። በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ከተነሳ በኋላ በሞቀው አየር ውስጥ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከዚያ እየተንሸራተተ ርቀት ይቆርጣል። ደመናው ከከበደ ግን ተወዳዳሪው ያገኘው ማሳ ላይ ማረፍ ግድ ይሆንበታል።

ጣጣው የሚብሰው በመጨረሻው ቀን ነው። በዓለም ሻምፒዮና ደንብ አንድ ቀን ነጥብ የሚያሰጠው ከተወዳዳሪዎቹ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ሲበሩ ነው፤ ከሰበታ ተነስቶ ወሊሶን እንደማለፍ ማለት ነው። ያ ካልሆነ ቀኑ አይቆጠርም፤ እስከ ዋዜማው የመራው ዋንጫውን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1954 በእንግሊዝ ካምፕሂል የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በዝናብና በንፋስ ክፉኛ ታውኮ ነበር፤ በባለ አንድ መቀመጫ ፈረንሳዊው ዤራር ፒየር አሸነፈ።

«ታዲያ ለሁለተኛው ይህ ፍትሕ ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን በማይበረርበት ሰማይ ሰውን ማስበረር ዋንጫን በሕይወት መለወጥ ነው። አሞራዎቹ እንኳ ይህን አውቀው ዛፋቸው ላይ ይቆያሉ።